የይታያል ቀለብ

ኦቦ ገርባን ሱሉልታ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም፤ ካለም እሱ ራሱ ሄዶ ይተዋወቀዋል። እኔና እሱ በአንድ አጥር የምንዋሰን እኩዮች ነን። እኔ ትንሽ ፊደል ቆጥሬአለሁ፣ እሱ ከብት ያውቃል፤ እናም ስንከራከር እንውላለን። ይህ የማወራችሁ ነገር የሆነው በአምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ጅብ የኦቦ ገርባን አሮጌ ውሻ በልቶ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ጥጃውን ወስዶበት ነበር።

የሱሉልታን ክረምት ለማያውቅ ልንገር። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሰው የገዛ አጥሩን በእጁ እየዳበሰ ነው የሚያገኘው። ያኔ ጅብ መምሸቱን አይጠብቅም። ደህና ውሻ የሌለው ሰው ጥጃ አለኝ ብሎ አፉን አይከፍትም።

መስከረም ሲጠባ፣ ኦቦ ገርባ ድንኳን ይጠብቅለት የነበረ አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ ከትልቋ ውሻው የተወለደ ቡችላ ሰጠው። መዳፉ የሕፃን ጫማ ያክላል። ኦቦ ገርባ ቡችላውን በጋቢው አቅፎ እድር ላይ መጣና ማንም ሳይጠይቀው፣

"ለመጪው ክረምት ጅብ በኔ ደጅ አያልፍም!" አለ።

"የፈረንጅ ውሻ ለሱሉልታ ብርድ?" አልኩት። "ጥር ሳይገባ ትቀብረዋለህ።"

እድርተኛው ሳቀ። ኦቦ ገርባ ቡችላውን በጋቢው ሸፍኖ ሄደ። ቤቱ ገብቶ ቡችላውን "ይታያል" ብሎ ስም አወጣለት። እኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነውና ወዲያው ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ "ይታያል! ኮቱ፣ ይታያል!" እያለ ሲጣራ፣ ውሻውን ይሁን እኔን የሚጠራው እሱ ያውቃል።

ችግሩ ቀለቡ ነበር። ፈረንጁ ሲሰናበት፣ "ይህ ዘር ትልቅ ነው። በፍርፋሪ ብቻ ካደገ እግሩ አይጠናም፤ የተገዛ ምግብ ስጠው" ብሎታል። የትኛውን እንደሆነ ግን አልነገረውም። ኦቦ ገርባ ደግሞ አያውቅም መባል አይወድምና ሳይጠይቅ ተሰናበተው።

ባለሱቁ ሀሰኖ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲወርድ አደራ አለው። ሀሰኖም ፈረንጆች ከሚገበያዩበት መደብር ሁለት ዓይነት ይዞ መጣና፣ እኔና ኦቦ ገርባ ስንደርስ ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

"መርጠው ይውሰዱ፣ ኦቦ ገርባ። ሥጋው የበሬ መሆኑን ሻጩን አስምዬዋለሁ፤ ያለዚያ ከስኳሬ አጠገብ አላስቀምጠውም።"

አንደኛው ቆርቆሮ ነው። ሥዕሉ ላይ አንገቱ እንደ ኮርማ የወፈረ ጥቁር ውሻ ያብለጨልጫል። ሁለተኛው ካርቶን ሲሆን ውስጡ እንደ ብስኩት የደረቀ ነገር አለ፤ ሥዕሉ ላይ የተሰለፉት ግን እግራቸው የረዘመ፣ ሆዳቸው የገባ ቡችሎች ናቸው።

ኦቦ ገርባ ካርቶኑን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ "እነዚህማ የተራቡ ናቸው" አለ። "ምግቡን በልተው ነው እንዲህ የሆኑት ወይስ ሳይበሉ?"

"እኔ ምን አውቄ!" አለ ሀሰኖ። "ከበሉት ጋር አልተነጋገርኩም።"

ቆርቆሮውን አስከፈተ። ከላዩ ነጭ ስብ ረግቶበታል። ኦቦ ገርባ በጣቱ ነካ አደረገና ፊቱ በርቶ ወደኔ ዞረ። "ምግብ ማለት ይህ ነው! ዱጉማ፣ ይህን የበላ ውሻ ሰውም ያሳፍራል።"

የተመረጠው እንግዲህ እንዲህ ነበር። ለበዓል ሙክት ሲገዛ ማንም እንዲረታው የማይፈቅድ ሰው፣ የውሻውንም ምግብ በሙክት ዓይን መረጠ።

ሚስቱ ተረፈች ቆርቆሮው ቤት እንዳይገባ ከለከለች፤ ኦቦ ገርባም በረት ደጃፍ ቁጭ ብሎ እየከፈተ፣ ቡችላው በቃኝ ብሎ እስኪዞር ድረስ ያበላው ጀመር። እውነት ለመናገር፣ ይታያል ጥር ገብቶም አልሞተም። ወፈረ እንጂ። ኦቦ ገርባ በገበያ ቀን በገመድ እየሳበው ይወጣል፤ አላፊ አግዳሚውን ያስቆማል።

"ዳብስ! አትፍራ፣ ሽንጡን ዳብስ!"

ሰውም ሙክት እንደሚገዛ ሁሉ ጎንበስ እያለ ጀርባውን ይጫናል፣ ወገቡን ይለካል። እኔም ዳብሻለሁ። ጣቴ አጥንት ፍለጋ ገብታ ባዶዋን ተመለሰች።

"ምን ትላለህ?" አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

"ለፋሲካ ይደርሳል" አልኩት።

ነገር ግን የካቲት ላይ ውሻው መቀመጥ አበዛ። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ተንሻፈፉ። ከበረቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ዳገት ሲወጣ መሐል ላይ ይተኛና ባለቤቱን ያያል።

"ምን ሆኖ ነው?" ስለው፣

"ጨዋ ነው፤ እንደናንተ ውሻ አይራወጥም" ይለኛል። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ፣ ማንም የማያየው ሲመስለው ጎንበስ ብሎ የውሻውን ጉልበት ሲያሽ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ክረምቱ እየመጣ ነበር። ጥጃም ተወልዳለች።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ገርባ አንድ ወይፈን ከትልቁ በሬ ጋር ጠምዶ ሲያለማምድ፣ ተረፈች ውሃ ይዛለት መጣችና ቆማ ታየው ጀመር።

"አንቱ፣" አለች፣ "ይህን ወይፈን ምነው ሳያደልቡት?"

"አበድሽ እንዴ? ሊታረስበት እኮ ነው! ጉልበቱ ሳይጠና ሥጋ ከጫንኩበት ቀንበር ሥር ይንበረከክብኛል። የሚደልበው የሚታረደው ነው።"

"አሃ!" አለች ተረፈች፣ ውሃውን እያቀበለችው። "እንግዲያ ውሻውን መቼ ነው የሚያርዱት?"

እኔ ከአጥሩ ማዶ ሳቄን መዋጥ አቃተኝ። ኦቦ ገርባ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ውሃውን ሳይጠጣ መለሰላት። በሬዎቹን ፈታና በጭቃ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ሀሰኖ ሱቅ ሄደ። እኔም እንዳያመልጠኝ ተከተልኩት።

ካርቶኑ አቧራ ለብሶ ከነበረበት መደርደሪያ ወረደ። "አንተ ዱጉማ፣" አለኝ፣ "ፊደል ቆጥሬአለሁ ትል የለ? አንብበው።"

ቋንቋው የኔ አይደለም፤ ቁጥር ግን የትም አገር ቁጥር ነው። ሦስታችንም ባንኮኒው ላይ ተደፍተን መረመርነው። ቡችሎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ነው የተሰለፉት፤ በየእግራቸው ሥር የዕድሜያቸው ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ የመስፈሪያ ሥዕል አለ። የትንሹ በትንሹ፣ የትልቁ በልኩ ተሞልቷል። ቆርቆሮውን አዙረን አየነው፤ ከዚያ ከወፍራሙ ጥቁር ውሻ በቀር ልጅ የሚባል የለበትም።

"ይኼኛው ያደገ ውሻ የሚበላው ነው" አለ ሀሰኖ ቀስ ብሎ።

"እነዚህም የተራቡ አይደሉም" አለ ኦቦ ገርባ፣ በጣቱ የቡችሎቹን እግር እየተከተለ። "እያደጉ ነው።"

ካርቶኑን ጋቢው ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማየት ጨካኝ ልብ ይጠይቃል። ተረፈች አንዲት ጣሳ ለመስፈሪያ ለየች፤ የጣሳዋን አፍ በመዳፏ ደልደል አድርጋ ትሰፍራለች፣ ከዚያ አታልፍም። ይታያል በልቶ ሲጨርስ ጣሳዋን ያይና ኦቦ ገርባን ያያል። ኦቦ ገርባ ጀርባውን ሰጥቶት ይቆማል። በየቀኑ ቀስ እያሉ ዳገቷን አብረው ይወጣሉ፤ የደከመው ቀድሞ ይቀመጣል፣ ሁልጊዜም ውሻው አልነበረም።

ስቡ ሄደ፣ ጎድኑ ታየ። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ሰፈሩ አፉን ፈታ። የሰፈራችን ነገረኛ ጃራ መንገድ ላይ ጮኸ፣

"ኦቦ ገርባ! ይታያል ጾም ያዘ እንዴ? የንስሐ አባቱ ማን ናቸው?"

"ያ ሙክት የት ገባ?" ይላል ሌላው።

የኦቦ ገርባ ፊት ሲጠቁር አየሁ። የዚያን ዕለት አንድ የቀረች ቆርቆሮ ከተደበቀችበት አወጣ፣ ከፈታት፣ ይታያልም እየተንቀጠቀጠ ቆሞ ጠበቀ። ኦቦ ገርባ ቆርቆሮዋን ይዞ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ በአጥሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ለኔ አሮጊት ውሻ ገለበጠላት። "አንቺ ዕድገትሽን ጨርሰሻል፣ ብይ" አላት። እሷም አላንገራገረችም።

ሐምሌ መጣ፣ ጉሙም ወረደ። አንድ ረፋድ ላይ ተረፈች ጥጃዋን ከካቡ ውጭ ሣር ላይ ለቃት ነበር። እኔ አጥር ሳጥር የጥጃዋን ጩኸት ሰማሁ፣ ከዚያ የጅብ ማጉረምረም። ኦቦ ገርባ ዱላውን ይዞ ወጣ፤ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አይታየውም።

"ይታያል! ይታያል!" እያለ ምንም በማይታይበት ጉም ውስጥ ይጮኻል። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በዚህ ብቻ ሳምንት አስቅበት ነበር።

ከዚያ አንድ ከባድ ነገር በአጠገቤ አለፈ። የደረቴን ያህል ከፍ ያለውን ካብ ድንጋይ ሳይነካ ዘለለው። ጉሙ ውስጥ ትግል ሆነ፣ ጩኸት ሆነ፣ የሚሸሽ እግር ሜዳውን እያጨቀየ ራቀ፤ ጸጥ አለ።

እየዳበስን ደረስን። ጥጃዋ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ፊት ለፊቷ ይታያል ቆሟል፤ ጆሮው ተሰንጥቆ ይደማል፣ አፉ ላይ የጅብ ጠጉር አለ። እግሮቹ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለዋል። ኦቦ ገርባ ዱላውን ጥሎ በጋቢው ጫፍ ደሙን ጠረገለት።

ወሬው ደርሶ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጃራም መጣ፤ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ውሻው ሽንጥ ሲሰድ፣ ኦቦ ገርባ ያዘው።

"ጀርባውን ተወው" አለ። "እግሩን ዳብስ።"

ጃራ ዳበሰ። እኔም ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ዳበስኩ። የወይራ ግንድ ነው።

ተረፈች ጣሳዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ኦቦ ገርባ ለመላው ሰፈር በሚሰማ ድምፅ፣ "ዛሬ እንኳ ከምሪለት!" አለ። ወዲያው ግን የውሻውን እግሮች አየና እጁን አወዛወዘ።

"ተይ፣ ተይ። በልኩ ይሁን።"

ተረፈችም የጣሳዋን አፍ በመዳፏ ደልደል አደረገችው።