የተዝካሩ ዳስ እንጨት

የሟች ባሏ ዘመድ ገዳሙ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ጓሮ ድረስ ሲመጣ፣ አይናዲስ ድንች ትኮተኩት ነበር። ቀና አላለችም። በሉማሜ ከተማ ዳር በግጦሽ መሬቷ ላይ የተሠሩትን አሥራ ሁለት የጨረቃ ቤቶች የሚመረምር ኮሚቴ ዛሬ ይመጣል። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ይጸድቃል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ይፈርሳል። መጀመሪያ የሠፈረው ገዳሙ ነው። ሟቹ ባሏ ገብረ ኪዳን ፈቅዶልኝ ከሠራሁ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው እያለ ያስወራል።

ሽማግሌዎቹ ዝም እንድትል ለመኗት።

"እትዬ፣ ከተማው መሬቱን መውሰዱ አይቀርም። ለባዳ ከሚሆን ለእኔ ቢሆን ምን አለበት?" አላት ገዳሙ።

"ያየሁትን እናገራለሁ" አለች።

ያየችውን ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈሰችም። ከሦስት ዓመት በፊት በባሏ ተዝካር ዳሱን የጣለው ገዳሙ ነበር፤ አፍርሶ የእድሩን እንጨት እመልሳለሁ ያለውም እሱ። ምሰሶውን ጨምሮ ስድስት እንጨት ጎደለና እድሩ ምትኩን እርሷን አስከፈላት። እርሷ በሐዘን ቤት ዘግታ ሳለች፣ ቢሮ በማይከፈትበት ቅዳሜና እሑድ ቤቶቹ ቆመው አደሩ። አምና ክረምት ዝናቡ የገዳሙን ግድግዳ ሲልጠው፣ የማዕዘኑ እንጨት ላይ የእድሩን ምልክት፣ ቀይ ቀለም አየች። ገዳሙ ቶሎ ብሎ መረገው። የሟች እዝን በልቶ፣ በሟች ዳስ ቤት ሠርቶ፣ ሟቹን ምስክር ጠራ። ይህ ነው ያንገበገባት።

ኮሚቴው ሲደርስ አይናዲስ መኮትኮቻዋን እንደያዘች ሄደች። የገዳሙ ሚስት ሙሉዬ ልጇን አዝላ በር ላይ ቆማለች። አይናዲስ ሕፃኑን አየችው። ቢሆንም ወደ ማዕዘኑ አልፋ ጭቃውን ፋቀችው። ቀዩ ቀለም ወጣ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሀይለመለኮት ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። አንደኛው የእድሩ ዳኛ ነው። እነዚህን እንጨቶች ገዝተን ቀይ የቀባናቸው የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ ሲጎድሉ የተካችው እርሷ ናት ብሎ አመነ፤ የገዳሙን ዓይን ግን አላየም።

ሀይለመለኮት ጻፈ። ገዳሙ ቤቱን ለማፍረስ የአንድ ወር ጊዜ እንዳለው ተናገረ።

"እንጨቶቹ ግን የእርስዎ ናቸው። መቼ ይወስዷቸዋል?" ሲል አይናዲስን ጠየቃት።

ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰኔ ነው፤ ቤቱ ያለ እንጨቶቹ አይቆምም። ገዳሙ ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

"እትዬ፣ ስለ ገብረ ኪዳን ነፍስ፣ ወሩ እንኳ ይሙላ።"

ስሙን ባይጠራ ኖሮ ምናልባት ትተወው ነበር።

"ዛሬ" አለች። "ከምሰሶው ጀምርልኝ።"