የሱንዱስ ግራ ጉልበት

ሱንዱስ ነጅመዲን ረጅም ናት። ረጅም ስል ለወግ ያህል አይደለም፤ ታክሲ ስትሳፈር አንገቷን ሰብራ የምትገባ፣ ስትቀመጥ ደግሞ ጉልበቷን የት እንደምታደርገው የሚጨንቃት ልጅ ናት። አስራ ሰባት ዓመቷ ላይ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ለማየት የየካ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣ ነበር። አሰልጣኟ ወንደሰን ከአፉ ምስጋና የሚወጣው በስንት ልመና ነው፤ እሱ እንኳን "ይህቺ ልጅ ብሔራዊ ቡድን ካልገባች ፊሽካዬን እጥላለሁ" ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል።

አንድ ቀን ዘላ ስታርፍ ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ታክሲ ነጂው አባቷ ልጁን ጭኖ የከነፈው ወደ ሆስፒታል ሳይሆን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ወደሚኖሩት ወጌሻ ወደ ጋሽ ዋቅጅራ ነበር። አትፍረዱበት። እሱንም በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ያቃኑት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ሰፈር እጃቸው ያልነካው አጥንት የለም። የሱንዱስ ግን አጥንት አልነበረም፤ የተበጠሰው ጅማት ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ በቅቤ አሹላት፣ በጨርቅ ጠፍረው አሰሩላትና "ወለምታ ነው፤ በወሩ ትሮጣለች" አሉ።

እውነትም በወሩ ሮጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሳምንት ሳይሞላት ያው ጉልበት ከዳት። ቀዶ ጥገናውን ያደረገላት ሐኪም የጉልበቷን ፎቶ ወደ መስኮቱ ይዞ ሲያይ ቆየና "መጀመሪያ እንደተጎዳች ብታመጧት ኖሮ..." ብሎ ተወው። ነጅመዲን ያቺን ሳትጨረስ የቀረች ንግግር ስድስት ዓመት ሙሉ ለብቻው ሲጨርሳት ኖረ። ከዚያ ወዲህ ልጁ የምትጫወትበት ሜዳ ደርሶ አያውቅም።

ሦስተኛው ጉዳት አምና ነው የደረሰው፤ ሱንዱስ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እንደገና ቀዶ ጥገና፣ እንደገና ክራንች። ቤተሰቡ በዚህ መሀል የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ አራተኛ ፎቅ፣ ያለ አሳንሰር። ደረጃውን በቂጧ እየተንሸራተተች የወረደችባቸው ቀናት ነበሩ፤ ጎረቤት ሲመጣ ጫማዋን የምታስር ትመስላለች። መራመድ ስትጀምር አባቷ ሥራ ከመግባቱ በፊት ገና ጎህ ሲቀድ እንጦጦ እያደረሳት፣ በባሕር ዛፉ መሀል ዳገቱን ወጥታ እስክትወርድ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ስለ ጉልበቷ አይጠይቃትም። እሷም አትነግረው።

ናፍቆቷን ግን የት ታድርገው? የናፈቃት ጭብጨባው አይደለም። የናፈቃት ኳሷ ገና ከእጇ ስትወጣ፣ እንደምትገባ ማወቁ ነው። ያንን የሚያህል እርግጠኝነት በሌላ በምንም ነገር አግኝታ አታውቅም።

ወንደሰን የመጨረሻ ዕድል ሰጣት። "ሐሙስ የቡድኑ ፊዚዮቴራፒስት ያይሻል፤ በግራ እግርሽ አሥር ጊዜ ትዘያለሽ። ካለፍሽ ቅዳሜ በወዳጅነት ጨዋታው ትገቢያለሽ፤ ማታውኑ የሊጉ ምዝገባ ስለሚዘጋ ስምሽን እልካለሁ። ካልሆነ ቦታው የሃይሚ ነው" አላት። ሃይሚ አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበት እንዳላት እንኳን የማታውቅ ልጅ።

ሐሙስ ሱንዱስ ሁለት ማስታገሻ ውጣ አሥሩንም ዘለለች። ፊዚዮው "አልፈሻል" ብሎ ጨበጣት። አርብ ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ ተነፍቶ ነበር። ሰፊ ቀሚስ ለበሰች፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ መኝታ ቤቷን ዘጋች፤ ሰላቷንም እዚያው ወንበር ላይ ሆና ሰገደች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን እሷም ታውቀዋለች። ቅዳሜን ብቻ ልለፍ አለች።

ማታ ግን ነጅመዲን ከወትሮው ቀድሞ ገባ። ፊቱ በርቷል። "ዛሬ መግሪብን አብረን ነው የምንሰግደው፤ ለነገው ዱዓ እናደርጋለን" አለ። ምን ትበል? እሱ ከፊት ቆመ፣ ሱንዱስና እናቷ ሱልጣና ከኋላ። ሐኪም ይታለላል፣ አሰልጣኝ ይታለላል፤ ሱጁድ ግን ጉልበት ካልታጠፈ አይወረድበትም። እናቷ ግንባሯ ምንጣፉን ሲነካ ሱንዱስ ገና በግማሽ መንገድ ላይ ነበረች። ሲቀመጡም ግራ እግሯን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ሱልጣና ይህን ሁሉ በዓይኗ ጠርዝ አየች።

አባትየው ለዒሻ ወደ መስጊድ እንደወጣ እናቷ መኝታ ቤት ተከትላት ገብታ የቀሚሷን ጫፍ ገለጠች። አልጮኸችም።

"መቼ ነው?"

"ከሐሙስ ጀምሮ። እማ፣ በናትሽ ለአባዬ እንዳትነግሪው።"

"አላህ ፊት ያልታጠፈልሽ ጉልበት ለኳስ ይታጠፍልሻል?"

ሱንዱስ አለቀሰች። "ሌላ ምንም አልችልም እኮ" አለች። እናቷ ጭንቅላቷን አቅፋ ያዘቻት፤ እንደማትነግረው ግን ቃል አልገባችም።

ቅዳሜ ሱንዱስ ማንም ሳይነሳ ወጣች። መገናኛ ወርዳ ሌላ ታክሲ ይዛ ሜዳው ስትደርስ ወንደሰን የምዝገባ ቅጹን በእጁ ይዞ ጠበቃት።

"ፈርሚና አሟሙቂ።"

"ላሟሙቅና እፈርማለሁ ኮች።"

ጉልበቷን በፋሻ ጥርቅም አድርጋ አስራዋለች። ሁለት ጊዜ ሜዳውን ዞረች፤ ፋሻው ያዘላት። ኳሷን አንጥራ ወደ ሪንጉ ገሰገሰች፣ በግራ እግሯ ተነሳችና ዘለለች። ኳሷ ገባች። የቡድኑ ሴቶች "ሱንዲዬ!" እያሉ አጨበጨቡ። እሷ ግን ኳሷ ስትገባ አላየችም። አየር ላይ እያለች ታይ የነበረው መሬቱን ነው፤ የት ልረፍ፣ በየትኛው እግር ልረፍ እያለች። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባት። ይህ የምትናፍቀው ጨዋታ አይደለም።

ወደ ወንደሰን ሄዳ ፋሻውን ፈታች። ያበጠ ጉልበቷን ሲያይ አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ።

"ሐሙስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ዛሬን አላያትም ነበር። ሃይሚን መዝግባት። ለመዝለል ስትነሳ ትከሻዋን ታዘነብላለች፤ እሱን አርምላት።"

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትዞር ከአጥሩ ባሻገር አባቷን አየችው። የዒድ ኮቱን ለብሶ፣ በሁለት እጁ ሽቦውን ይዞ ቆሟል። ስድስት ዓመት ጠብቃው የመጣው ዛሬ!

"አባዬ፣ እኔ እኮ አልጫወትም" አለችው አጠገቡ ደርሳ።

"ማታ እናትሽ ነግራኛለች።"

"ታዲያ ለምን አልከለከልከኝም?"

ነጅመዲን ሽቦውን ለቀቀ። "ስለ ጉልበትሽ አንዴ እኔ ወስኜ አይተነዋል። ዛሬ የመጣሁት ብትወድቂ ሌላ ሰው እንዳያነሳሽ ነው።" ድምፁ ተሰበረ። "አውፍ በይኝ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።"

"የዚያን ቀን እኮ ወጌሻ ጋ ውሰደኝ ብዬ የለመንኩህ እኔ ነኝ። ሐኪም ካየኝ ያስተኛኛል ብዬ ፈርቼ።"

አባቷ ረስቶት ነበር፤ ጥፋቱን ብቻውን ተሸክሞት ሲኖር የእሷ ልመና ከልቡ ወጥቶ ነበር። ትኩር ብሎ አያት፣ ኮቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ አነጠፈላትና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሱንዱስ "ወደ ግራ!" "ቶሎ ስጪ!" እያለች ለራሷ ታጉተመትማለች። ሃይሚ ከሩቅ ሞክራ ሳተች። ኳሷ ነጥራ፣ በተከፈተው የአጥር በር ወጥታ፣ ተንከባልላ ሱንዱስ እግር ሥር ቆመች።

አነሳቻት። ከተቀመጠችበት በበሩ በኩል ሪንጉ ወለል ብሎ ይታያታል። ጣቶቿ ሳታዛቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ዳኛዋ ፊሽካዋን ነፋች፤ አንድ ሁለቴ። አስር ሴቶች ላባቸውን እየጠረጉ እሷን ይጠብቃሉ።

"ስጫቸው የኔ ልጅ" አለ ነጅመዲን በቀስታ።

ለሃይሚ ወረወረችላት። ጨዋታው ቀጠለ፤ ሱንዱስ ግን መዳፎቿ ለብዙ ጊዜ እንደተከፈቱ ቆዩ።