በመስኮት የተጠየቀው ፋይል

ጸሐይወርቅ ጎንደርን ለቃ ካርቱም ከገባች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት የሠራችው በአንድ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ በጽዳት ነው። ጠዋት ጠዋት መዝገብ ቤቱን ከፍታ ትገባለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ በየፋይሉ ጀርባ ላይ ያደረውን አቧራ ታራግፋለች። ተቆጣጣሪዎች የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፈትሸው ያዩትን ሁሉ ጽፈው የሚያስቀምጡት እዚያ ነው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አረንጓዴ ፋይል አለው። እሷ አረብኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፤ ፊደሉን ግን አትለይም። ውስጣቸው ምን እንደተጻፈ አስባውም አታውቅም።

ባሏ ጀምበሬ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር የአንድ ቪላ ዘበኛ ነው። በመጋቢት ወር ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ባለፈ ማግስት ዓይኖቹ ቀልተው አደሩ። ከሚኖሩበት ሰፈር ከጀብራ፣ ከአንድ ፋርማሲ የዓይን ጠብታ ገዛና የበለጠ የሚቆረቁረው ቀኙ ላይ ጨመረበት። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ አበጠ፣ በስምንተኛው ቀን ጭራሽ ማየት አቆመ።

የዓይን ሐኪሙ ብልቃጡን አገላብጦ አየ።

"በዚህ ወር በዚሁ ጠብታ ታመህ የመጣህ ሦስተኛው ሰው ነህ" አለው። "ብልቃጡን እንዳትጥለው። እኔ ለሚመለከተው ክፍል ጽፌያለሁ፤ መልስ ግን አልሰጡኝም።"

ብልቃጡ ላይ የዘንባባ ምልክት አለ። ጸሐይወርቅ በማግስቱ መዝገብ ቤት ስትገባ ያንኑ ዘንባባ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አገኘችው። አምስት ዓመት ሙሉ ስትጠርገው የኖረችው ፋይል ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም፤ የጽዳት ባልዲዋ ጥልቅ ነው። እጇን ዘርግታ የፋይሉን ጫፍ ያዘች። ከዚያ አቧራውን ጠርጋ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ጀምበሬ ይህን ሲሰማ በጣም ተናደደ።

"እግዜር ቁልፉን እጅሽ ላይ አስቀምጦልሽ!"

"ብሰርቀው ለማን ላሳየው? ሌባ ናት ይሉኛል፤ ወረቀቱም የሌባ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እኔ የምፈልገው ማኅተም ያለበትን ነው።"

"ለአንቺ ለሐበሻይቱ ማን ማኅተም ይመታልሻል?"

ጸሐይወርቅ ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሉጥፊያ ናት፤ ሃምሳውን ያለፈች፣ ነገር የማታበዛ ሱዳናዊት። ጸሐይወርቅ ሥራዋን ስትጨርስ የጽዳት ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ በዋናው በር ወጥታ ዞረችና ባለጉዳይ በሚቆምበት መስኮት በኩል መጣች።

"ምን ረስተሽ ነው?" አለቻት ሉጥፊያ።

"ፋይል ልጠይቅ ነው።"

ሉጥፊያ ሳቀች። የጸሐይወርቅ ፊት አለመፈታቱን ስታይ ግን ሳቋን ተወችና ብልቃጡን ተቀበለቻት። የሆነውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

"ሕግ አለ" አለች በመጨረሻ። "ሰው መንግሥት ዘንድ ያለ ወረቀት በጽሑፍ ከጠየቀ መልስ ይሰጠው ይላል። ቅጽም አለው። እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ስቀመጥ ግን አንድ ሰው እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።"

ቅጹን ከታችኛው መሳቢያ ፈልጋ አወጣችው፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። ሉጥፊያ ሞላችላት፣ ጸሐይወርቅ በአማርኛ ፊደል ፈረመች።

በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ ሁሉም በአክብሮት ኡስታዝ የሚለው ኦመር አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ በዚያ ቢሮ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

"ጸሐይ፣ አንቺ የቤታችን ሰው ነሽ" አላት። "ይሄ ቅጽ ግን የዜጋ ነው። አንቺ ያለሽ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው። ነገሩን ተይውና ፋይሉ ውስጥ ያለውን እኔ ራሴ በቃሌ ልንገርሽ።"

"ለእኔስ ቃልዎ ይበቃኝ ነበር፣ ኡስታዝ። ግን ጠብታው ዛሬም ጀብራ ይሸጣል። የጽዳት ሠራተኛ እንዲህ አለች ብሎ ከመደርደሪያው የሚያወርደው የለም።"

ኦመር ብዕሩን በጣቶቹ መሀል አሽከረከረ።

"ቁልፉ እኮ አንቺ ጋ ነበር" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልትወስጂው ትችይ ነበር።"

"እችል ነበር።"

"ወላሂ፣ ሕጉ አይፈቅድልኝም" አለና ቅጹን መለሰላት። በዚያው ሳምንት ቁልፉን እንድታስረክብ ተነገራት። ከመዝገብ ቤቱ ተነሥታ ደረጃ ጽዳት ላይ ተመደበች።

ሉጥፊያ ደረጃው ላይ ተንበርክካ ስትወለውል አገኘቻት።

"ያንን ቅጽ አምጪው" አለቻት። ከእሱ ላይ ወደ አዲስ ቅጽ ገለበጠችና የራሷን ስምና የዜግነት ቁጥር ጻፈችበት።

"ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው እኮ፣ ሉጥፊያ።"

"እናቴም ዓይኗን ያማታል። የምትጨምረውን ጠብታ ትናንት አየሁት፤ ዘንባባ አለበት" አለች ሉጥፊያ። "ጣልኩት። የሌላው ሰው እናትስ?"

ቢሮዋን ለቅቃ በዋናው በር ወጣችና መስኮቱ ፊት ቆመች። ከመስኮቱ ወዲያ ግን ሰው የለም፤ ቅጹን የምትቀበለው ሠራተኛ እሷው ናት። ጎረቤት ክፍል ያለውን ጸሐፊ ጠርታ በወንበሯ አስቀመጠችው። ግራ ገብቶት ቅጹን ተቀበለ፣ ቀን ጻፈበት፣ ማኅተም መታበት።

አርባ ቀን ፈጀ። ኦመር ሉጥፊያን ሁለት ጊዜ ጠርቶ አነጋገራት፤ ሁለቱንም ጊዜ "ዜጋ ነኝ፣ ጠይቄያለሁ" ብላ ወጣች። በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት ሦስት ገጽ ተሰጣት፤ የባለቤቱ ስም በጥቁር ቀለም ተሰርዟል፣ ሌላው እንዳለ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለጸሐይወርቅ አነበበችላት። ተቆጣጣሪዎቹ ፋብሪካውን ያዩት ኅዳር ላይ ነው። ጠብታው የሚሞላበት ክፍል ማጣሪያው ተቀድዶ አግኝተውታል፤ ምርቱ ተመርምሮ እስኪጣራ እንዳይሸጥ ብለው ጽፈዋል። ሦስተኛው ገጽ ለፋርማሲዎች የተዘጋጀ ማስጠንቀቂያ ነው። ተፈርሞበታል፤ የወጪ ቁጥር ግን የለውም። ሳይላክ ፋይል ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ጸሐይወርቅ ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ አል-ማንሺያ ሄደች። ጀምበሬ ቪላው በር ላይ ቆሞ ሰማት፤ የጠየቃት ፍተሻው የተደረገበትን ጊዜ ብቻ ነው።

"ኅዳር" አለችው።

በጣቱ ቆጠረ። "አራት ወር" አለ። የአሠሪው መኪና ጡሩምባ ነፋ። በሩን ከፍቶ አስገባ፣ ዘጋ፣ ተመልሶ መጣ። "ያውቁ ነበር ማለት ነው።"

"ያውቁ ነበር።"

"በይ ለሐኪሙ አድርሺው" አላት። "ለእነዚያም በጠብታው ለታመሙት ለሁለቱ ይንገራቸው።"

ሐኪሙ ወረቀቱን አባዝቶ በክሊኒኩ በር ለጠፈው። ጀብራ ያለው ፋርማሲስት መጀመሪያ ጊዜ የለኝም አላት። ማኅተሙን ሲያይ ግን መነጽሩን አደረገ፤ አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ዘጠኝ ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረደ።

"ትናንት ሁለት ሰው ከእኔ ገዝቷል" አላት። "ቤታቸውን አውቀዋለሁ። እስክመለስ እዚህ ቁሚልኝ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ።" ባለሦስት ጎማ ሪክሻ አስቁሞ በረረ። ጸሐይወርቅ በሩ ላይ ቆማ ለሚመጣው ሁሉ "አሁን ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ" ስትል ቆየች።

ማስጠንቀቂያው በሳምንቱ ለፋርማሲዎች በሙሉ ተላከ፤ አዲስ ቀን ተጽፎበት ነው። ሉጥፊያ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ጸሐይወርቅም ደረጃው ላይ ቀረች። የጀምበሬ ቀኝ ዓይን አልበራም። የዘበኛ ወንበሩን አንሥቶ ከበሩ ወዲያኛው ጎን አዛወረው፤ መኪና የሚመጣው በደህናው ዓይኑ በኩል እንዲሆን።