የወፎቹ ሸክላ

መጀመሪያ የመጣው ፉጨት ነው። ኪዳን ጠረጴዛው ስር ገብቶ የላላ ገመድ ሲያጠብቅ፣ ከውጭ አንድ ሰው እያፏጨ ወደ ሱቁ ቀረበ። ኮልፌ ፉጨት አይጠፋም። የታክሲ ረዳቱ ያፏጫል፣ ጫኝና አውራጁ ያፏጫል፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚውለው ሥራ ፈትም ያፏጫል። ይኼኛው ግን ጆሮውን አቆመው። ዜማውን ያውቀዋል። ከእሱ በቀር በዚህ ሰፈር፣ ምናልባትም በዚህ ከተማ፣ ሌላ የሚያውቀው ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

እንዳጎነበሰ ቀረ። ፉጨቱ መግቢያዋን አለፈና ወደ ሁለተኛው ዙር ገባ። ኪዳን የደነገጠው እዚህ ላይ ነው። መግቢያዋንማ ማንም ሊሰማት ይችላል፤ የበተናት እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ለማንም አሰምቶ አያውቅም። አፏጪው ዜማው ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ላይ ጥቂት ዘለለና ቀጠለ። «ደህና አድርጎም አያውቃትም» አለ ኪዳን በልቡ፣ ራሱን ለማጽናናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪዳን አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ወዲህ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ፣ ከእማማ ዘሀራ ግቢ ወደ መንገድ በተከፈተች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ለታክሲ ሾፌሮች በፍላሽ ዘፈን ይጭናል። ቻርጀርም ይሸጣል። ብዙ አያወራም፤ ደንበኛ ሲያናግረው እንኳ መልሱ ከሩቅ አገር በሰው ተልኮ የሚመጣ ይመስል ይዘገያል። ልቡ ያለው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። እዚያ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻና በካርቶን የተደረደሩ ሸክላዎች አሉት። ቁራሌው አዩብ ከየሰፈሩ ከሰበሰበው ብረትና ጠርሙስ መሐል ሸክላ ሲገኝ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከመውረዱ በፊት በኪዳን በኩል ያልፋል። ኪዳን ስመ ጥሮቹን አይፈልግም። የሚፈልገው ማንም ያልፈለገውን ነው፦ ስሙን የሚያነሳለት ያጣ የሆቴል ባንድ፣ ኦርጋንና ሳክስፎን እየተከራከሩ የሚታረቁበት የፈረንጅ ጃዝ፣ ባስ ጊታሩ የሰው ትከሻ ሳያስፈቅድ የሚነቀንቅ ፈንክ፣ ረግጠውት የማያውቁትን ደሴት በከበሮና በጩኸት የፈጠሩ ሰዎች ሥራ።

ከሁሉም የምትበልጥበት የወፎቹ ሸክላ ናት። ሽፋኗን አይጥ በልቶታል፤ የተረፈው አንድ ዘንባባ፣ የአንዲት ሴት ትከሻና የስም ቁራጭ ነው። መሐሏ ላይ ያለውም ወረቀት በእርጥበት ነጥቷል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ፈልጎ አጥቷታል። ኦርጋን ይጀምራል፤ ከኋላው ሰዎች በአፋቸው እንደ ወፍ ይንጫጫሉ፤ ከዚያ ባሱ ከመሬት ስር እየጎተተ ይነሳል። ያን ጊዜ ለኪዳን የማዞሪያው ጭቃና የታክሲው ጥሩምባ ይጠፋና፣ መስኮቱ በባሕር ላይ የተከፈተ ይመስለዋል።

እንዲህ የወደዱትን ነገር ለብቻ መያዝ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ መግቢያዋን ብቻ ቀድቶ፣ በሚጭነው ፍላሽ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ ለባለቤቱ ሳይናገር ይጨምራት ጀመር። ሙሉዋን አልሰጠም። ሙሉዋን ከሰጠ የእሱ መሆኗ የሚያበቃ መሰለው።

ፉጨቱ በር ላይ ቆመ። ኪዳን ከጠረጴዛው ስር ብቅ ሲል ስልሳን ያለፈ ሰው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ካፖርት ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«እንደምን ዋልክ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልታዘዝ ጋሼ?»

«የወፎቹን ዘፈን ከየት አገኘኸው?»

«የቱን?»

«የምታውቀውን።»

መልሱ እንደ ልማዱ ዘገየ። «ከኢንተርኔት።»

ሰውየው ኪዳንን ትቶ መጋረጃውን አየ። «ኢንተርኔት» አለ፣ ጨው የጎደለው ወጥ እንደቀመሰ ሰው። «ገብረወልድ እባላለሁ። እመለሳለሁ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የአየር ጤናው መስመር ሾፌር ግሩም ፍላሹን ይዞ መጣ።

«ስማ፣ ያ የወፍ ዘፈንህ ጉድ አፈላብኝ» አለ ገና ከበሩ። «ከአየር ጤና ጭኜ ስመጣ አንዷ እናት ታክሲው ውስጥ ወፍ ገብቷል ብላ መስኮቱን ሁሉ አስከፈተች። ጋቢና ያለው ካፖርታም ሽማግሌ ደግሞ ድገመው ይለኛል። ደገምኩለት። አሥራ ስምንት ደረስን፤ አይወርድም። ድገመው። ከእኔው ጋር ተመልሶ አየር ጤና ሄደ ብልህ ታምናለህ? የት እንዳስጫንኩ ጠየቀኝ።»

«ነገርከው?»

«ታዲያ ልደብቅህ? ሚስቴ ነህ?» ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጀለስ፣ ንቃ። ደላላ ነው። ፈረንጆቹ ለድሮ ሸክላ እንዴት እንደሚሞቱ አላየህም? እንዲህ ዓይነት ሽማግሌ ነው የሚልኩት። ሽማግሌ ማን ይጠረጥራል?»

እማማ ዘሀራም ነገር ጨመሩበት። የእሳቸው ጆሮ ጎረቤት ሽንኩርት ሲላጥ የሚሰማ ነው።

«ልጅ ኪዳን፣ ባለ ካፖርቱን አየኸው? አጥሩን ተደግፎ ቆሞ፣ እዚህ ግቢ ሙዚቃ ይሰማል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ፤ ጆሮዬ አይሰማም አልኩታ።» ነጠላቸውን አጣፉ። «ሰው ያለ ነገር ሰው ደጅ አይቆምም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሚባለው ልጄ። ቁልፍህን ለውጥ።»

ኪዳን ቁልፉን ለወጠ። ሸክላዋን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ግቢው ውስጥ ወደሚያድርባት ክፍል ወሰደና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሸሸጋት። ከዚያ በኋላ አላጫወታትም። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ወንበር አይለምንም፤ ራሱ ስቦ ይቀመጣል። ግሩም ስለ ሸክላ ገበያ ይህን ያህል ከየት አወቀ? እማማ ዘሀራስ እሱ በሌለበት ክፍሉን ለምን ጠረጉለት? የራሱን ጥላ እንኳ ገልመጥ አድርጎ ማለፍ ጀመረ።

አንድ ጠዋት «ቁራሌው!» የሚለው የአዩብ ድምፅ ከታች ሲመጣ፣ ሮጦ ወጥቶ ያዘው።

«አዩብ፣ ያቺን ወፎች ያሉባትን ከየት ነበር ያመጣሃት?»

አዩብ ኬሻውን ከትከሻው አወረደ። «ምነው? ፖሊስ መጣ?»

«አልመጣም።»

«ዋጋ ጨመረች እንዴ? ንገረኝ እንጂ ወንድሜ፣ ብቻህን ስትበላ እንዳያንቅህ።»

«እንዲያው ለማወቅ ነው።»

«እንዲያው የሚባል ነገር የለም» አለ አዩብ፣ ዙሪያውን እያየ። «አስኮ ነው። አንዲት ሴት ጠራችኝ፤ ጠና ያለች። ከተሰበረ ስቶቭና ከአሮጌ ጫማ ጋር በማዳበሪያ ቋጥራ ሰጠችኝና፣ ቶሎ ውሰድልኝ፣ እሱ ሳይመጣ አለችኝ። እሱ ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ቁራሌው መጠየቅ ከጀመረ የሚሸጥለት የለም።» ኬሻውን መልሶ ተሸከመ። «እኔ አልሰረቅኩም። አንተም ከእኔ ገዛሁ እንዳትል።»

ከዚህ ወዲያ የኪዳን ፍርሃት መልኩን ለወጠ። ደላላን እምቢ ማለት ይቻላል። ባለቤቱስ ቢሆን? ባለቤት እምቢ አይባልም። ባለቤት ነኝ ባይ ደላላም ይኖራል፤ እንዲያውም ብልጡ ደላላ እንደዚያ ነው። እንዴት ይለያቸዋል? ሰውየው ባይመለስ እያለ ተመኘ፤ ደግሞ በፉጨት ድምፅ ሁሉ ቀና ይል ነበር።

ገብረወልድ የመጣው ዝናብ ሲወርድ ነው። ካፖርቱ ቀን ወጣለት። ኪዳን ዱካ አቀረበለት፤ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ልውሰዳት አላልኩህም» አለ። «አንዴ ልስማት።»

«ከኢንተርኔት ነው ብዬዎታለሁ ጋሼ። አጭር ናት፤ ታክሲ ውስጥ የሰሟት ነች።»

«አጭር አይደለችም።»

«በምን ያውቃሉ?»

ሰውየው ዝናቡን አየ።

«እንግዲያውስ ያዚሙልኝ» አለ ኪዳን። «የሚያውቋት ከሆነ እስከ መጨረሻው ያዚሙልኝ።» በዕድሜ አባቱ የሚሆንን ሰው እንደ ሌባ መፈተኑ ፊቱን አጋለው፤ ቃሉን ግን አልመለሰም።

ገብረወልድ አልተቆጣም። በጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ እየመታ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማዜም ጀመረ። መግቢያዋን። ባሱን። ሁለተኛውን ዙር። ኦርጋኑ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ድምፁ ተቆርጦ ድንገት ወፎቹ ላይ አረፈ። አልተደናቀፈም። ጣቱም አልሳተ። ልክ እንደዚያ የተደረሰ ዜማ ይመስል ነበር።

ያን ቀን ያፏጨውም እንዲሁ ነበር። እዚያው ቦታ ላይ።

ኪዳን ትዝ አለው። አዩብ ሸክላዋን ሲያመጣት ወፍራም ጭረት ነበረባት፤ መርፌዋ ኦርጋኑ ሲወጣ ትደርስና ዘልላ ወፎቹ ላይ ትወድቅ ነበር። ኪዳን በመጥረጊያ ስንጥርና በአጉሊ መነጽር፣ መስመሯን እየተከተለ፣ መርፌዋ ሳትዘል እስክታልፍ ድረስ ጠግኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘልላ አታውቅም። ሌላ ቤት ያለች እህቷ ብትኖር እንኳ ያ ቁስል የላትም። እንዲህ አድርጎ የሚያዜማት ከዚችው ከራሷ ጋር፣ ከነቁስሏ፣ ለዓመታት የኖረ ሰው ብቻ ነው።

ደላላ አልነበረም።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ሰውየው ዘፈኗን እንጂ ሸክላዋን ይዘሃል አላለውም። አዩብም አይናገር፣ አስኮ ያለችውም ሴት አትናገር። «ኢንተርኔት ነው» ብሎ ማጽናት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ኪዳን ግን በዝናቡ ውስጥ ወደ ግቢው ሮጠና በጋቢ የተጠቀለለውን ነገር ደረቱ ስር ደብቆ ተመለሰ።

ገብረወልድ የተበላውን ሽፋን፣ ዘንባባውንና ትከሻውን ሲያይ እጁን አልዘረጋም። ባርኔጣውን ብቻ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ኪዳን መጋረጃውን ገለጠ፣ ሸክላዋን አስቀመጠ፣ መርፌዋን አሳረፈ።

ኦርጋኑ ጀመረ። ወፎቹ ተንጫጩ። የሰውየው ጣት ከባሱ ጋር እኩል ይሄድ ነበር። ሁለተኛው ዙር መጣ፤ ኦርጋኑ ወጣ፣ ወጣ፤ የሰውየው ጣት እንደ ልማዱ ዘልሎ ወፎቹን ሊመታ ተነሳ።

ኦርጋኑ ግን አልዘለለም። መውጣቱን ቀጠለ። ጫፍ ላይ ደረሰና፣ ከዚያ፣ ሰውየው በሕይወቱ ሰምቶት በማያውቀው ቦታ፣ አንድ ሳክስፎን ከጓዳ ሰው ጠርቶት እንደመጣ ገባ። አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ደገማት። ከዚያ ወፎቹ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ጣቱ አየር ላይ ቀርቷል። ኪዳን ፊቱን ለማንበብ ሞከረ፤ ደስታ ይሁን፣ ለቅሶ ይሁን፣ ቁጣ ይሁን አልገባውም። ሸክላዋ ስታልቅ መርፌዋን አነሳ።

«ጭረቱን እኔ ነኝ የጠገንኩት» አለ ኪዳን። «ያበላሸሁባት ከሆነ ይቅርታ ጋሼ። ደግሞም ዋሽቼዎታለሁ። ከአስኮ ነው የመጣችው።»

አስኮ ሲባል ሰውየው ቀና አለ። «ከቤቴ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ኪዳን ሸክላዋን አነሳ፣ ሽፋኗ ውስጥ መለሰ፣ በጋቢው ጠቀለላት። እጁ እምቢ እያለው ዘረጋት። «የእርስዎ ናት። ይውሰዷት።»

ገብረወልድ ተነሳ። ጋቢውን በአንድ ጣቱ ገለጥ አድርጎ ዘንባባውን አየ፤ በካፖርቱ እጅጌ ጠርዟን ጠረገ፤ ጋቢውን እንደነበረው ከደነና ጥቅሉን በሁለት እጁ ገፋ አድርጎ ወደ ኪዳን ደረት መለሰው። ባርኔጣውን አጠለቀ።

«ጋሼ፣ ምነው? የእርስዎ አይደለችም እንዴ?»

«የእኔዋ እዚያ ቦታ ላይ ትዘልል ነበር» አለ። ሰውየው ደፉን ተሻግሮ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ማዞሪያው ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «አስኮ፣ አስኮ፣ አንድ ሰው የጎደለ!» ይላል፤ በሩን ከፍቶለት እጁን ዘረጋለት። ገብረወልድ በአጠገቡ እንዳላየ አለፈና፣ ከአስኮ በተቃራኒ ባለው መንገድ፣ በእግሩ ሄደ።

ኪዳን ጥቅሉን እንዳቀፈ በሩ ላይ ቆሞ ፉጨቱን ጠበቀ። ካፖርቱ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ እስኪጠፋ ድረስ አልተሰማም።