በአንድ ፖስታ ሁለት ወረቀት

ልብስ ተኳሿ ሴትዮ ፊደል መቁጠር የጀመረችው ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ነው። ከምትሠራበት ላውንደሪ ስትወጣ ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ቤት መሮጥ ከጀመረች ሁለት ዓመት አለፋት። አንድ ቀን ልጇ የሚማርበት የጦር አካዳሚ ለወላጆች ማስታወቂያ ላከ። ለተመራቂዎቹ የስንብትና የማበረታቻ ቃል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩ፤ የተመረጠው በምረቃው ቀን በጻፈው ሰው ይነበባል ይላል።

ሦስት ቀን ሙሉ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። «ልጆቼ፣ የታዘዛችሁበት ቦታ ሳታመነቱ ሂዱ፤ ሌላ ሰው በእናንተ ፈንታ እንዲሄድ አትመኙ» የሚለውን ስትጨርስ ይህን የጻፈው የኔ እጅ ነው ወይ ብላ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ፖስታውን ልታሽግ ስትል ግን ፍርሃቷ አሸነፋት። ከደብተሯ ሌላ ቅጠል ገነጠለች። «ለተከበሩ አዛዥ። ያለኝ ልጅ አንድ ነው። ካውያ አያያዝ አስተምሬዋለሁ፣ ልብስ ማጠፍም ያውቃል። እባክዎ ልብስ ግምጃ ቤት ያድርጉልኝ።» ሁለቱን ወረቀቶች አጥፋ በአንድ ፖስታ ከተተቻቸው።

የስንብት ቃሉ ተመረጠ። ስለ ሌላው ወረቀት ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

በምረቃው ቀን የምድብ ዝርዝሩ ከአዳራሹ ውጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወላጅ ሁሉ ተንጋግቶበታል። ተጋፍታ ደረሰችና ጣቷን ከመስመር መስመር እያወረደች የልጇን ስም አገኘች። ከፊቱ «ዋና መምሪያ፣ ልብስ ግምጃ ቤት» ይላል። እልል ልትል ትንሽ ሲቀራት አንዲት ሴት እጅጌዋን ሳብ አደረገቻት።

«እህቴ፣ ስታነቢ አይቼሽ ነው። እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ ከፊደል ጋር አንተዋወቅም። የልጄን ፈልጊልኝ በሞቴ።» ክንዷ ላይ የምድጃ ጠባሳ ተደርድሯል። የልጇን ስም ነገረቻትና ሳትጠየቅ ቀጠለች። «ልብስ ግምጃ ቤት ነው የሚለው አይደል? ጉልበቱ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ ጽፎለታል፤ ምድብ የምታወጣው ሻምበልም እዚያ ያለችው አንዲት ቦታ ያንተ ናት ብላዋለች።»

የልብስ ተኳሿ ጣት የጋጋሪዋ ልጅ ስም ላይ ደርሶ ደረቀ። «የድንበር ጣቢያ ቁጥር ሦስት» አለች ቀስ ብላ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችላት።

«በደንብ ተምረሻል ግን? አትቀየሚኝ።»

«በደንብ ነው ያነበብኩት።»

«አይ፣ ተሳስተሽ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፤ ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

በዚህ መሃል ሻምበሏ መጣች። «እናቴ፣ ተራዎ ደርሷል፤ ይምጡ።»

ልብስ ተኳሿ መድረክ ላይ ወጣች። ከፊቷ የተመራቂዎቹ ሁለት መቶ ነጭ ጓንት ጉልበት ላይ ተቀምጧል። ስለ እናት ሐሳብ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ንጹሕ ልብስና ንጹሕ እጅ የጻፈችውን ሁሉ አነበበች። «የታዘዛችሁበት ቦታ» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ምላሷ አልታዘዝ አላት። ዘለለችው። ማንም አላወቀም። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ዳቦ ጋጋሪዋ በአንድ እጇ ዓይኗን እየጠረገች በሌላው ጭኗን እየመታች ታጨበጭብላት ነበር። ልብስ ተኳሿ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ውጭ ስትወጣ የልጇ ጓደኞች ከበውታል። «ካውያው! ጠላት ከመጣ ሱሪውን ተኩስለት!» «ኮሌታውንም እንዳትረሳበት!» እሱም አብሮ ሳቀ፤ እናቱን ለብቻዋ ሲያገኛት ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እማዬ፣ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። በካርታ ንባብ አንደኛ ወጥቼ ካልሲ ቁጠር አሉኝ።»

ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ግን ልጁ ጥፋቱን ከራሱ ላይ እየፈለገ ነው።

«አንተ ምንም አላጠፋህም። እኔ ነኝ። ለአዛዡ ጽፌ ለምኜብህ ነው።»

አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። «ቦታው የማን እንደነበር ታውቂያለሽ?» አላት። «ከኔ በታች ባለው ተደራቢ አልጋ ነው የሚተኛው። ተኝተን ጉልበቱን ሲያሽ እሰማዋለሁ።»

«ያኔ አላወቅሁም። አሁን ግን አውቄያለሁ።»

«እንግዲያው ጻፊ። እንዳስገባሽኝ አውጪኝ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ስለ ንግግሩ ልታመሰግናት ወደነሱ መጣች። ልብስ ተኳሿ ቀድማ ነገረቻት፤ ሁሉንም፣ ስለ ካውያው የጻፈችውን ሳይቀር። ዳቦ ጋጋሪዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማቻት።

«ለዚህ ነው የተማርሽው?» አለቻት በመጨረሻ።

ልብስ ተኳሿ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና የንግግሩን ወረቀት ገልብጣ ጉልበቷ ላይ መጻፍ ጀመረች። ከመቸኮሏ አንዱ ፊደል ሌላው ላይ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪዋ አልሄደችም፤ አጠገቧም አልተቀመጠችም።

አዛዡ ቢሮ ሲገቡ ሻምበሏ «ዝርዝሩ እኮ ተፈርሟል እናቴ» አለች። አዛዡ ኮሎኔል ግን ከጠረጴዛው ቀና አለ። «የፊተኛውን ደብዳቤዎን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዋ ተምራ ጻፈች ብዬ አዘንኩልዎ። የልጁን ጉልበት እያወቅሁ ነው ያደረግሁት፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ያንብቡት።»

ልጇ በቀኟ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ በሩ ላይ ቆመው አነበበች። «ለተከበሩ አዛዥ። ባለፈው የለመንኩትን ትቼዋለሁ። ቦታው ጉልበቱን የታመመው ልጅ ድርሻ ነበር፤ ለሱ ይሁን። የኔ ልጅ ደህና ነው፣ ካርታም ያውቃል። እሱ ይሂድ።» «እሱ ይሂድ» የሚለውን ደግማ አነበበችው። ይህኛውን አልዘለለችም።

ኮሎኔሉ ዝርዝሩን ወደ ራሱ ሳበ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች። «ግን ይጻፉት።»

ሁለት መስመር ሰርዞ ከላያቸው ጻፈና ፈረመ። ዳቦ ጋጋሪዋ ፊርማው እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ማንንም ሳታይ፣ ለልጇ ልትነግረው እየተጣደፈች ወጣች።