የደፈረሰው ውሃ

ተቆጣጣሪዋ ከግድቡ ግርጌ ተንበርክካ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሳች። ትናንት ኩልል ያለው ውሃ ዛሬ ወተት የነካው ሻይ መስሏል። ደፍታ እንደገና ቀዳች። ያው ድፍርስ ነው።

የአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ ቢያሰርግ አያስደነግጥም፤ ጥርት ያለ ይሁን እንጂ። ከደፈረሰ ግን የግድቡን አፈር ከውስጥ እየቦረቦረ ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው። ከላይ፣ በግድቡ ታቅፎ፣ ከማዕድኑ ወርቁ ተለይቶ የቀረው የስምንት ዓመት ጭቃ ተኝቷል። ከታች በወንዙ ዳር አሥራ አንድ ቤቶች አሉ፤ አንዱ የታናሽ እህቷ ነው።

ስልኳን አወጣች። "እህትዓለም፣ ልጆቹን ያዢና ጎረቤቶችሽን ጠርተሽ ወደ ኮረብታው ውጪ!"

"ምነው? ልብስ እያጠብኩ እኮ ነው!"

"ልብሱ ገደል ይግባ! አሁኑኑ!"

ከዚያ ሽቅብ ሮጠች። የወፍጮ ቤቱ ኃላፊ የማዕድን ድንጋዩ በሚፈጭበት ጩኸት መሃል ቆሟል። ጠዋት ማታ የሚሰርገውን ውሃ ስለምትለካ "ጠብታ" የሚል ስም ያወጣላት እሱ ነው።

"ጭቃ መላኩን ያስቁሙ! ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው!"

"ጠብታ ባየሽ ቁጥር ወፍጮ ካቆምን፣ ሥራውን መቼ ልንሠራ ነው?"

ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። ሰውየው አንዴ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ቀዩን ማብሪያ ማጥፊያ በመዳፉ መታው። ወፍጮው ጸጥ አለ። ወዲያው ግድቡ እንዲቀልለው ፓምፑን አዙሮ ከጭቃው በላይ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ወፍጮ ቤቱ ታንከር ያስስብ ጀመር።

ወደ ግርጌው ስትመለስ ሽማግሌው የኤክስካቫተር ነጂ የሸክላ አፈር ዝቆ ደርሷል። "ዞር በይ ልጄ፣ አፉን ልድፈነው!"

"እንዳይደፍኑት ጋሼ! ውሃ ከታፈነ ሌላ በር ይከፍታል። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር።"

"ሁለቱ እንዴት ይለያያሉ?"

"እንደ ሻይ ማጥለያ! መጀመሪያ ሻካራ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከላዩ ድንጋይ።"

"በስተርጅና ሻይ አጥላይ ልታደርጊኝ ነው?" ብሎ ሳቀና ማሽኑን አዞረ።

የመጀመሪያውን አሸዋ ውሃው ጠርጎ ወሰደው። "ሻካራውን! ከዚህ የባሰ ሻካራውን!" እያለች ጮኸች። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች አካፋ እየያዙ ወረዱ፤ ወጥ ቤቷ እንኳ ሽርጧን ሳትፈታ ጠጠር ትሸከማለች። ኃላፊው ጫማውን አውልቆ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። አሸዋው ያዘ። ጠጠሩ ተከተለ፤ ድንጋዩ ተጫነው። ሁሉም እያለከለከ አፉን ከፍቶ ውሃውን ያያል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድፍርሱ ሳሳ፤ ቀስ በቀስ ከሥሩ ያለው ድንጋይ አንድ በአንድ መታየት ጀመረ።

"ጠራ!" ሲል ጮኸ ነጂው። "እናንተ ሰዎች፣ ጠራ እኮ!"

ሰዉ ተቃቀፈ። ወጥ ቤቷ ኃላፊውን አቅፋ ሸሚዙን ጭቃ በጭቃ አደረገችው። ተቆጣጣሪዋም እየሳቀች እንባዋን ጠረገች፤ ከዚያ ግን ብቻዋን ወደ ግድቡ አናት ወጣች። የውስጡ ውሃ ከፍታ በሚለካበት ቧንቧ ገመድ ሰደደች። በግድቡ ሆድ ውስጥ ያለው ውሃ የወረደው አንድ ስንዝር ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሌላ በር ሊከፍት ይችላል።

ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት። "ጠርቷል አሉ! ሰዉ ሁሉ በደስታ አብዷል። እንመለስ?"

ከታች ሳቁ ይሰማታል። እሺ ማለት ቀላል ነበር።

"አትመለሱ። ሁላችሁም እዚያው ኮረብታው ላይ እኔ ቤት ግቡ።"

"አሥራ አንድ ቤተሰብ? ባንቺ ሁለት ክፍል?"

"አልጋውን አውጡት፤ ተጠጋግተን እናድራለን።"