ከሞተች በኋላ የወደቀችበት ፈተና

ብርቱካን ሙላቴ በሞተች በሃያ አራተኛው ቀን ከኮሌጅ ተባረረች።

እህቷ የሺ የሰማችው ሚዛን ላይ ቆማ ነው። የሺ ደብረ ታቦር እህል ተራ፣ በነጋዴው በሙሄ መጋዘን፣ የሚገባውን እህል መዛኝ ናት። አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ እዚያ ከቆመች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ ታናሿ ግን እንድትማር ብላ ነው። ጥር ስምንት ቀን ከይፋግ የመጣ ሽምብራ እየመዘነች ሳለ የሙሄ ልጅ ሙና ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቧ ቆመች።

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

«እትዬ የሺ፣ ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ኮሌጁ በቴሌግራም የለጠፈው የስም ዝርዝር ነበር። «በውጤታቸው ምክንያት የተሰናበቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች» ይላል። ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ብርቱካን ሙላቴ፣ 1.67 ተብሎ ተጽፏል።

የሺ ሽምብራውን እንዳለ ትታው ወደ ቤት ሄደች። እናቷ ፈንታነሽ ደጅ ነበረች። የሺ ሹልክ ብላ ገባችና ብርቱካን ስትታመም የተኛችበትን ፍራሽ ገለበጠችው። ሥሩን አየች። ከአልጋው ኋላ አየች። የልጅቱን ቦርሳ ዘረገፈችው። የምትፈልገው የመርዝ ብልቃጥ ነበር። ምንም አልነበረም። ሐኪም ቤት ሁለት ሌሊት አብራት አድራለች፤ ትኩሳቱን በእጇ ዳብሳዋለች፤ ተስቦ ነው ሲሉም በጆሮዋ ሰምታለች። አንድ መስመር ጽሑፍ ግን ይህን ሁሉ አስጥሏት ፍራሽ አስገለበጣት። በኋላ በኮሌጁ ላይ የተነሣባት ቁጣ ሥሩ ይኸው ነው። እህቴን እንድጠረጥር አደረጉኝ አለች።

እሷ የጠረጠረችውን ሌላው ማመን አላቃተውም። በሦስት ቀን ውስጥ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ተባራ ነው የመጣችው፤ ሐፍረቱን አልቻለችም፤ የሆነ ነገር ጠጣች። ተስቦ በሦስት ቀን ሰው ይገድላል እንዴ? ይህን ከሁሉ አስበልጠው ያወሩት በአባታቸው ቦታ ያሉት አጎታቸው ዓለምነው ናቸው። ጠላ ቤት ተቀምጠው «ራሷን ላጠፋች ተዝካር አይወጣም፤ እኔ አልቆምም» ብለው ተናገሩ። ይህ ከፈንታነሽ ጆሮ ደረሰ። ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ ዕድሜዋን ሙሉ ቀርታ የማታውቀው ሴትዮ በሯን ዘግታ ዋለች። ከዚያ ወዲያም አልወጣችም። የልጅቱ አርባ ጥር ሃያ ሦስት ቀን ነው።

«እናቴ ሰው ፊት ሳትቆም ያ ቀን ከመጣ ዳግመኛ አትነሣም» አለች የሺ ለሙና። «ይህ አንድ ነጥብ ስድሳ ሰባት የምትሉት ምንድን ነው? አስረጂኝ።»

ሙና አምና ነው የተመረቀችው። ብርቱካን ደብተሯ ጀርባ ላይ የጻፈችውን የይለፍ ቃል አስገብታ ውጤቱን ከፈተችው። አምስት ትምህርት ነው። ከየትምህርቱ ጎን አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ።

«ቁጥሩ ክሬዲት ይባላል። የትምህርቱ ክብደት ነው፤ በሳምንት ብዙ ሰዓት የሚሰጠው ይበዛል።»

«ኪሎው ነው በይኛ!»

ሙና ሳቅ አመለጣት። «አዎ፣ ኪሎው ነው።»

«ፊደሉስ?»

«ኤ አራት ነው፣ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት፣ ዲ አንድ። ኤፍ ዜሮ።»

«እሱ ዋጋው ነው። በቃ፣ ገብቶኛል።»

ይህ ሂሳብ ለየሺ የዘወትር ሥራዋ ነው። ዋጋቸው የተለያየ ሦስት ዓይነት ጤፍ ሲደባለቅ የየአንዳንዱን ዋጋ በኪሎው ታባዛለች፣ ትደምራለች፣ ለጠቅላላው ኪሎ ታካፍላለች። የድብልቁ ዋጋ ያ ነው። የብርቱካንንም እንደዚያው ሠራችው። ባለ ሦስት ክሬዲቱ ኤ አሥራ ሁለት ሆነ። ባለ አራቱ ቢ አሥራ ሁለት። ባለ ሦስቱ ሲ ስድስት። በድምሩ ሠላሳ። የቀሩት ባለ አምስትና ባለ ሦስት ትምህርቶች ሁለቱም ኤፍ ናቸው፣ ባዶ። ሠላሳው ለአሥራ ስምንት ሲካፈል አንድ ነጥብ ስድሳ ሰባት።

«ስንት ነው የሚያስባርረው?»

«ከአንድ ነጥብ ሰባ አምስት በታች።»

«ሁለቱን ለምን ወደቀች? ሦስቱን እንዲህ አድርጋ ሠርታ?»

ከቦርሳው የተዘረገፈው ወረቀት መሐል የፈተናው ፕሮግራም ነበር። የሺ ዘረጋችው። ሦስቱ ፈተናዎች ከታኅሣሥ ዘጠኝ በፊት ናቸው። አራተኛው ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው። አምስተኛው ሃያ ሁለት። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ብርቱካን ታኅሣሥ አሥራ አራት ሞታ አሥራ አምስት ተቀብራለች።

ሙና አፏን ያዘች። የሺ ግን እርሳሱን አንሥታ እንደ ገና አካፈለች፤ ሠላሳውን ለአሥር፣ ለተፈተነችው ብቻ።

«ሦስት» አለች። «ሦስት ከአራት። ይህ ጎበዝ ነው ሰነፍ?»

«ጎበዝ ነው፣ እትዬ። በጣም ጎበዝ ነው።»

በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያኑን የቀብር ወረቀት፣ የሐኪም ቤቱን ማስረጃና ፕሮግራሙን በላስቲክ ጠቅልላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ኮሌጁ ወዳለበት ከተማ ሄደች። ሐሙሲት ላይ የገበያ ሰው ተጭኖ ሲጋፋት እንኳ ላስቲኩን ከደረቷ አላነሣችም። ኮሌጁ ስትደርስ ሬጅስትራሩ በር ላይ ተማሪ ተሰልፏል። ተራዋ ሲደርስ በመስኮቱ ያለው ልጅ ቀና ሳይል፣

«ቅሬታ ከሆነ ተማሪዋ ራሷ ናት መቅረብ ያለባት» አላት።

«ሞታለች።»

«እሱማ… ነፍስ ይማር። ግን ፎርሙ የተማሪ ፊርማ ይፈልጋል።»

«ታኅሣሥ አሥራ አምስት ቀብረናታል። ፊርማውን የት ወርጄ ላምጣልህ?»

ከኋላዋ አንዱ ተማሪ ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ መታው። ልጁ አሁን ቀና አለ።

«እኛ እኮ አልጣልናትም፣ እትዬ። ሲስተሙ ነው። ፈተና ላይ ያልተገኘ ተማሪ ውጤቱ ክፍት ይተዋል። በሁለት ሳምንት ካልተሞላ በራሱ ኤፍ ይሆናል።»

«ሲስተሙ እናት አለው?»

«እ?»

«እናት አለው ወይ? የኔ እናት ቤት ዘግታ ተቀምጣለች። ልጅሽ መርዝ ጠጣች እያሏት። አንተ የምትለኝ ሲስተሙ! ኤፍ ማለት ተፈትኖ የወደቀ ማለት ነው አይደል? የትኛው ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ፈተናችኋት? ማን ነው ከመቃብር አውጥቶ ያመጣላችሁ?»

ጩኸቱን ሰምታ ኃላፊዋ ከውስጥ ወጣች። መነጽር ያደረገች፣ የደከማት ሴት ናት። ወረቀቶቹን ተቀብላ ቆማ አነበበች። የቀብሩን ቀን አየች፣ ፕሮግራሙን አየች፣ ወደ ኮምፒዩተሩ አየች።

«ስሌቱን ማን ሠራልሽ?»

«እኔው።»

«የት ተማርሽው?»

«እህል ተራ።»

ኃላፊዋ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ተቀምጣ ሁለቱን ኤፍ አነሣች። ማኅተም መትታ የሰጠቻት ወረቀት ላይ 3.00 ይላል፤ ከሥሩ «በሞት የተለየች» ይላል።

«ይኸው፣ የኔ እኅት። አልቋል።»

«አላለቀም። ዝርዝሩን በለጠፋችሁበት ይህንንም ለጥፉት።»

«ማስተካከያ ለጥፈን አናውቅም።»

«ያንን ስትለጥፉ ማንን አስፈቀዳችሁ?»

የሺ ከመስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው መጥቶ «ተነሺ» ቢላት «ጎትተኝ» አለችው፤ አልጎተታትም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ሊዘጉ ሲሉ ለጠፉት። ተራ ቁጥር 31 ላይ የተጠቀሰችው ተማሪ ስም በስሕተት የተካተተ መሆኑን እንገልጻለን ይላል። ስሟ የለም፣ መሞቷ የለም፣ ይቅርታም የለም። ሙና ቆይታ ስታየው ዝርዝሩን አራት ሺህ ሰው ተመልክቶታል፤ ማስተካከያውን ሁለት መቶም አልሞላም።

ስለዚህ የሺ ወረቀቱን ይዛ በእግሯ ዞረች። መጀመሪያ ለንስሐ አባታቸው አሳየች። ቄሱ ቀኖቹን በጣታቸው እየቆጠሩ አረጋገጡና ወደ ዓለምነው መልእክት ላኩ፤ «ለተዝካሩ ባትመጣ የምትጠየቀው አንተ ነህ» የሚል።

ጥር ሃያ ሦስት ዳሱ ሞላ። ፈንታነሽ ግን ከቤት ውስጥ ናት፤ ሴቶቹ ቢለምኗትም አልወጣችም። አምስት ሰዓት ሲሆን ዓለምነው ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። «ነፍስ ይማር» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ የሺ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደ ያዘች ፊታቸው ቆመች።

«አያ ዓለምነው፣ ከመቀመጥዎ በፊት አንድ ነገር ይበሉልኝ።»

«ምን ልበል?»

«ብርቱካን በሕመሟ ነው የሞተችው፤ እኔ ያወራሁት ውሸት ነው ይበሉ።»

«አንቺ ልጅ! ሰው ፊት?»

«ያወሩትስ ሰው ፊት አይደል?»

አጎትን፣ ያውም በተዝካር ቀን፣ እንዲህ አቁሞ የሚናገር ሰው እዚያ ሰፈር አልታየም። አንድ ሽማግሌ «ኧረ የሺ፣ ነውር ነው» አሉ። እሷ ዞር ብላም አላየቻቸው።

«እኔ ከየት አመጣሁት?» አሉ ዓለምነው። «የተማሩ ሰዎች ጽፈውት አይቼ ነው። ወደቀች ሲሉ ወደቀች አልሁ።»

«ወደቀች የተባለችበት ፈተና ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው። በአሥራ አምስት አፈር ያለበሷት እርስዎ ነዎት፣ አካፋውን ከሰው እጅ ቀምተው። በአሥራ ዘጠኝ ማን ሄዶ ይፈተን?»

ዓለምነው ጋቢያቸውን ነካኩ። አንገታቸውን እንደ ደፉ ቃሉን አጉተመተሙ።

«አልሰማሁም» የሚል ድምፅ ከቤቱ በር መጣ። ፈንታነሽ ናት። መቃኑን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች።

ዓለምነው ቀና አሉ። «ብርቱካን በሕመሟ ነው የሞተችው» አሉ ጮክ ብለው። «እኔ ያወራሁት ውሸት ነው።»

ሴቶቹ ተነሥተው ለፈንታነሽ ቦታ ለቀቁላት። መጥታ መካከላቸው ተቀመጠች። የሺም ማንቆርቆሪያውን አንሥታ መቅዳት ጀመረች፤ በተራ፣ ከዳር እስከ ዳር። አጎቷ ዘንድ ስትደርስ ብርጭቋቸውን ዘረጉ። አልፋቸው ከእሳቸው ቀጥሎ ላለው ቀዳች።

«የሺ» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ፣ «አያ ዓለምነው አላገኙም እኮ።»

«አይቻለሁ» አለች የሺ፣ መቅዳቷን ሳታቋርጥ።